ለቤተ ሰብ የፎቶግራፍ ማንሻ ስለ መምረጥ

ሰው በድካሙ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ከማውጣቱ አስቀድሞ፥ ያ ዕቃ ለምን ሥራ እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ሳይለይ ገበያ የወጣ ሰው የሚገዛው የሚያስፈልገውን ሳይሆን ሻጩ ያመሰገነለትን ነው። ማረሻ የቸገረው ገበሬ ጎራዴ ገዝቶ ቢመለስ፥ ጎራዴው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ መሬቱ ጦም ማደሩ አይቀርም። ይህ ነገር በልብስም በቤት ዕቃም ዘንድ የታወቀ ሲሆን፥ በፎቶግራፍ ማንሻ ግዢ ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። እኔም ባለፈው ዓመት በቤቴ ስለ ተነሣው ክርክር ለመጻፍ ያሰብሁት፥ ይህን የመሰለ ምርጫ የገጠመው ቤተ ሰብ ቢኖር ጥቂት ይረዳው ይሆናል በማለት ነው።

እኔ በባሕር ዳር ከተማ የምኖር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በቤቴ ባለቤቴ፥ ሁለት ልጆቻችንና ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ እናቴ አሉ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ከእርሳቸውም የቀረልን ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። እርሱም ለመታወቂያ ወረቀት የተነሡት፥ ከአውራ ጣት ብዙ የማይሰፋ ሲሆን፥ ማኅተሙ የቀኝ ጉንጫቸውን ሸፍኖታል። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት በዚያ ማኅተም በተመታ ፊት ነው። ስለዚህ የዕቁብ ዕጣ በደረሰኝ ጊዜ፥ ከልጆች ትምህርትና ከቤት ወጪ የተረፈውን ገንዘብ ለፎቶግራፍ ማንሻ እናድርገው ብዬ ባለቤቴን አማከርኋት፤ እርሷም በደስታ ፈቀደች። በዕቃው ዓይነት ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

የበኩር ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በየቅዳሜው ማለዳ ወደ ጣና ዳር እየሄደ ያያቸውን ወፎች በደብተር ይመዘግባል። ጣናና አካባቢው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መመዝገቡን ከሰማ ወዲህም፥ ደብተሩን እንደ መንግሥት ሰነድ አድርጎ ይጠብቀዋል። እርሱ የመረጠው ብሪጅ ካሜራ የሚባለውን፥ ሩቁን አቅርቦ የሚያነሣውን ዓይነት ነበር። ባለቤቴ ደግሞ፥ «እኛ ከወፍ ጋር አንኖርም፤ የምንኖረው ከሰው ጋር ነው» ብላ ዲኤስኤልአር የሚባለውን፥ ሌንሱ የሚፈታና የሚገጠም ዓይነት መረጠች። እኔ በሥራዬ የከሳሹንም የተከሳሹንም ቃል ሳላዳላ መጻፍ የለመድሁ በመሆኔ፥ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን የልጄን፥ በሁለተኛው ወገን የባለቤቴን ቃል ጻፍሁ።

ከክርክሩ አስቀድሞ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፥ የሳይንስ መምህራችን ከካርቶን ጨለማ ሣጥን አሠርተውን ነበር። በሣጥኑ ፊት በመርፌ አንዲት ቀዳዳ ብንበሳ፥ በስተ ጀርባው በወጠርነው ስስ ወረቀት ላይ በግቢው ያለው ዛፍ ተገልብጦ ታየን። የፎቶግራፍ ማንሻ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው። በቀዳዳው ፈንታ ሌንስ፥ በወረቀቱ ፈንታ ደግሞ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ይገባል።

በዲኤስኤልአር ውስጥ ከሌንሱ በስተ ኋላ አጋድሞ የተቀመጠ መስተዋት አለ። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ይህ መስተዋት ወደ ላይ መልሶ በማያው ቀዳዳ በኩል ለዓይናችን ያደርሰዋል። መምቻውን በተጫንን ጊዜ መስተዋቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ በሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ «ቀጭ» የሚለውም ድምፅ በከፊል የዚሁ የመስተዋት ድምፅ ነው። ብሪጅ ካሜራ ግን መስተዋት የለውም፤ በማያው ቀዳዳ የሚታየው ትንሽ የኤሌክትሪክ መስኮት ነው። ሌንሱም ከአካሉ ጋር የተሠራ ስለ ሆነ አይፈታም። ብሪጅ ማለት ድልድይ ማለት ሲሆን፥ ይህን ስም ያገኘው በኪስ በሚያዘው ትንሽ ካሜራና በትልቁ መካከል ስለሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ቃል ልመለስ። ልጄ የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣው ኒኮን ፒ950 ሌንሱ ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር በሚመጥን ስፋት ይዘረጋል፤ ይህም 83 እጥፍ ማለት ነው። በ2018 የወጣው ካኖን ኤስኤክስ70 ደግሞ ከ21 እስከ 1365 ይደርሳል። ለጀማሪ ከሚሸጠው ዲኤስኤልአር ጋር አብሮ የሚመጣው የተለመደው ሌንስ ግን ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ነው፤ በዚያው ሚዛን ቢለካ ረዥሙ ጫፍ 88 ያህል ቢሆን ነው። ልዩነቱ በጨረቃ በቀላሉ ይታወቃል። በፒ950 መጨረሻ ጫፍ ሙሉ ጨረቃ ብትነሣ የሥዕሉን ቁመት ሦስት አራተኛ ያህል ትይዛለች፤ በዲኤስኤልአሩ መነሻ ሌንስ ግን ከሥዕሉ ቁመት ከ30 እጅ አንዱን እንኳ በጭንቅ ትይዛለች። ለዲኤስኤልአር 2000 የሚያህል ሌንስ ልግዛ የሚል ሰው ዋጋውንም ክብደቱንም የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ልጄም ይህን ሁሉ በቁጥር አስልቶ፥ «አባባ፥ በአንድ ዕቃ ሁሉንም እናገኛለን፤ ሌላ ሌንስ ግዛልኝ ብዬም አላስቸግርህም» አለኝ። ይህ ለአባት ቀላል ክርክር አይደለም።

የባለቤቴ ቃል በብርሃን ላይ የቆመ ነበር። ሩቅ የሚያይ ሌንስ በትንሽ አካል ውስጥ የሚገባው ሴንሰሩ ትንሽ ሲሆን ነው። የፒ950ና የኤስኤክስ70 ሴንሰር በወርዱ 6.2 ሚሊ ሜትር፥ በቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ያነሰ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ካኖን 2000ዲ ግን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ አለው። በስፋት ሲተያዩ ትልቁ 12 እጥፍ ያህል ይሆናል። ዝናም በሚዘንብበት ጊዜ ገንቦና ብርጭቆ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ አፈ ሰፊው የበለጠ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፥ ሰፊውም ሰሌዳ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። በቀትር ፀሐይ ብርሃኑ ስለሚተርፍ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። በጨለማ ቤት ውስጥ ግን ትንሹ ሰሌዳ ያነሣው ሥዕል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ መሣሪያው አሸዋውን ሊያጠራ በሞከረ ጊዜም የጥልፉን ክርና የፊቱን መስመር አብሮ ያጠፋዋል።

ታዲያ ክርክሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ሁለቱንም ዕቃ ከወዳጆቼ ተዋስሁ። አስጎብኚ የሆነው ወዳጄ ፒ950ውን፥ ሠርግ የሚያነሣው ጎረቤቴ ደግሞ 2000ዲውን ከሁለት ሌንስ ጋር ሰጡኝ። በማለዳ ከልጄ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ከወዲያ ማዶ ከሾላ ዛፍ ላይ አንድ ዓሣ አዳኝ ንስር ተቀምጦ ነበር። በዓይን ስናየው ነጭ ነጥብ ብቻ የነበረው በፒ950 ሲታይ፥ በጥፍሩ የያዘው ዓሣ ጅራት እንኳ ተለይቶ ታወቀ። በዲኤስኤልአሩ ያነሣነው ግን የሾላ ዛፍ ሥዕል ሆነ። ልጄ ምንም አልተናገረም፤ ፊቱን ብቻ አዞረልኝ። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ፀሐይዋ ስለ በረታች ከውሃው ላይ የሚነሣው የሙቀት እልም ሥዕሉን ያርገበግበው ጀመር፤ ይህም የሩቅ ሌንስ ሁሉ ፈተና ስለ ሆነ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም።

ማታ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እናቴ እንደ ልማዳቸው በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። በቤታችን ያለችው አምፖል አንዲት ስትሆን ብርሃኗም ደካማ ነው። እናቴ ከዚህ ቀደም በዓይን ሞራ ምክንያት ቀዶ ጥገና ስለ ተደረገላቸው የፍላሽ ብልጭታ አይስማማቸውም፤ ስለዚህ ያለ ፍላሽ ማንሣት ግድ ነበር። በ2000ዲው ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትንሽ ሌንስ ገጠምን። የዚህ ሌንስ ዓይን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መክፈቻው ይሰፋልና፥ በ5.6 ከሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ያህል ያስገባል ማለት ነው። የብርሃን ስሜቱን 1600 ላይ አድርገን በሰከንድ 60ኛ እጅ አነሣናቸው፤ እንዝርቱን የያዘው እጃቸው፥ የነጠላቸው ጥለት፥ በግንባራቸው ያለው መስመር ሁሉ ተለይቶ ወጣ።

በፒ950ው ያንኑ ፊት በያንኑ ስፋት ለማንሣት ሌንሱን ጥቂት ስናስረዝመው መክፈቻው ወደ ኤፍ 4 ጠበበ። በዚያው 1600 ስሜት የሰከንድ 12ኛ እጅ ጠየቀን። ይህ ካሜራ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚከለክል ብልሃት አለው፤ ነገር ግን የሚያነሣውን ሰው እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚነሣውን ሰው እጅ አያቆምም። የእናቴ ፊት ደኅና ሲወጣ የሚፈትለው እጃቸው እንደ ጢስ ተነነ። ፍጥነቱን እኩል ለማድረግ ስሜቱን ወደ 8000 ማድረስ በተገባ ነበር፤ መሣሪያው የሚፈቅደው ግን እስከ 6400 ብቻ ነው። እናቴን «ጥቂት እጅዎን ያቁሙልን» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን እኔ እንዲቀርልኝ የፈለግሁት የቆመውን እጃቸውን አልነበረም።

ከዚህ ሌላ በወረቀቱ ላይ የጻፍኋቸው ጥቃቅን ነገሮችም ነበሩ። ብዙ ሰው ብሪጅ ካሜራ ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ፒ950 1 ኪሎ ያህል ሲመዝን፥ 2000ዲ ከባትሪው ጋር 475 ግራም ነው፤ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ቢጨመርም ከ650 ግራም አያልፍም። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪም ይታሰባል። ፒ950 በአንድ ሙሌት 290 ያህል ሥዕል ሲያነሣ 2000ዲ 500 ያህል ያነሣል፤ ምክንያቱም በመስተዋት መመልከት ኤሌክትሪክ አይፈጅም። በአንጻሩ ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ሌንስ በተለወጠ ቁጥር አቧራ በሴንሰሩ ላይ ሊገባበት ይችላል፤ የብሪጁ ሌንስ ስለማይፈታ ይህ ጣጣ ይቀርለታል። ሆኖም የብሪጁ ሌንስ የተበላሸ እንደ ሆነ ካሜራው ራሱ ተበላሸ ማለት ነው፤ የዲኤስኤልአሩ ሌንስ ግን በሌላ ይተካል።

ዲኤስኤልአር ያረጀ ነገር ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። ካኖንና ኒኮን ከ2018 ወዲህ መስተዋት ወደሌለው ወደ አዲሱ ዓይነት አዘንብለዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ዲ3500 እንኳ መሠራቱ ቀርቷል። ነገር ግን ይህ ነገር ለድኻ ገዢ ጉዳት ብቻ አይደለም። ባለ ገንዘቡ ወደ አዲሱ ሲሻገር የተወው ዕቃ በገበያው በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ የመስተዋቱም ሥራ ሌላ ስለ ወጣ ብቻ አይደክምም። አሮጌ የሚገዛ ሰው ግን በሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አለመኖሩን፥ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ፥ የባትሪው ሆድ አለማበጡን ይመርምር። ዲ3500ን የሚገዛም ቢሆን፥ ካሜራው የራሱ ማስተካከያ ሞተር ስለሌለው ሞተር ያለበትን ሌንስ ይምረጥ፤ አለዚያ ሥዕሉን በእጁ ሲያጠራ ይኖራል።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚልም ይኖራል። ውድ የሆነው አዲስ ስልክ ብዙ ሥዕል በስሌት አጣምሮ በጨለማ ውስጥ መልካም አድርጎ ማንሣቱን አልክድም። የእኛ ቤት ስልክ ግን ከዚያ ዓይነት አልነበረም። ደግሞም የስልክ ፎቶግራፍ ከስልኩ ጋር ሲወድቅና ሲሰረቅ ብዙ አይቻለሁ። በማናቸውም መሣሪያ ቢሆን፥ ተለይቶ ያልታተመና በሌላ ስፍራ ያልተቀመጠ ሥዕል እንዳለ አይቈጠርም።

በመጨረሻ ነገሩን ለእናቴ ገለጥሁላቸው፤ ስለ እርሳቸው ነውና የፍርዱ ተካፋይ መሆን ይገባቸዋል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «እኔ አርጅቻለሁ፥ ምን መልክ ይወጣኛል? ለልጁ የወደደውን ግዛለት» አሉኝ። በራሳቸው ላይ ፈረዱ ማለት ነው። ይህም ነገሩን አቀለለልኝ ሊባል ሲገባ እጅግ አከበደብኝ። ሌሊቱን ሳሰላስል ያገኘሁት ይህን ነው፤ ንስሩ በሚመጣው ዓመትም በሾላው ላይ ይቀመጥ ይሆናል፤ ባይቀመጥ ልጁ ይቀመጣል። ጨረቃም በየወሩ ትሞላለች። በመስኮቱ ሥር የሚፈትለው እጅ ግን ቀጠሮ የለውም። ልጄ ከፊቱ ብዙ ዓመት አለው፤ እናቴ ግን የላቸውም። ከሁለት እውነተኛ ክርክሮች አንዱን የሚያስቀድመው የጉዳዩ መቸኮል ነው፤ በችሎትም ቢሆን በሞት አፋፍ ያለ ምስክር ቃሉ አስቀድሞ እንዲሰማ ይደረጋል።

ስለዚህ በሰው እጅ የነበረ 2000ዲ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ገዛን። ልጄ ለሦስት ቀን ያህል ፊቱን አጠቈረ፤ እኔም አልተቈጣሁትም፤ ክርክሩ እውነት የነበረ ሰው በተፈረደበት ጊዜ ማዘኑ ያገባዋልና። ነገር ግን የካሜራው ጠባቂ እርሱ እንዲሆን አደረግሁ፤ ቁልፉም፥ ባትሪውም፥ መጥረጊያ ጨርቁም በእርሱ እጅ ናቸው። ማታ ማታ አያቱን የሚያነሣው እርሱ ነው። መክፈቻው ሰፍቶ ሲነሣ የሚጠራው ነገር እንደ ወረቀት ስስ ስለ ሆነ፥ በቅድሚያ ዓይናቸውን አጥርቶ ከዚያ በኋላ መምታትን ለመደ። ቅዳሜም ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ በሚያርዱበት ዳርቻ ፔሊካኖቹ እስከ ጥቂት ክንድ ድረስ ስለሚጠጉ እነርሱን ያነሣል። ንስሩንና ጨረቃን ግን እስካሁን አላገኘም። ይህን ጉድለት አልሸሽግም፤ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ለመግዛት ከወር ደመወዜ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጥሁለት ነው፤ እርሱም ቢሆን የፒ950ውን ሩቅ አይደርስበትም።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፥ እኔ ሁሉም ሰው ዲኤስኤልአር ይግዛ አልልም። ሽማግሌ የሌለበት፥ ልጆቹ በሜዳ የሚሮጡ፥ በፀሐይ ብርሃን በዱርና በተራራ የሚውል፥ ሌንስ መለዋወጥ የሚያስጨንቀው ቤተ ሰብ ብሪጁን ቢገዛ ያለ ጥርጥር ይጠቀምበታል። ለጥምቀት በሕዝብ መካከል ቆሞ ታቦቱን ከሩቅ የሚያጅብ ሰውም እንዲሁ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ልታስቀሩት የምትወዱት ነገር ከእናንተ ምን ያህል ይርቃል? የሚገኝበትስ ብርሃን ምን ያህል ነው? ሩቅና ብሩህ ከሆነ ብሪጁን፥ ቅርብና ጨለማ ከሆነ ሌላውን ውሰዱ። ሁለቱም በቤታችሁ ካሉ ደግሞ ቀድሞ የሚያልፈው የትኛው እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ከዚያም ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ የተፈረደበትንም ወገን ቃል በወረቀቱ ላይ ሳትሰርዙ አስቀምጡለት።